«ጣሪያው ዶሮ ነው» ያሉት ዳኛ፣ ጋሽ ጌጡ ወልደ ሰማያት

ጋሽ ጌጡ ወልደ ሰማያት ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታቸው፣ ከወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል። ዕድሜያቸው ዘጠና አልፎ ነበር። ልብስ ያሰፋችሁባቸው፣ ተከሳችሁ ፊታቸው የቆማችሁ፣ ከሳችሁ የረታችሁም የተረታችሁም ይህን መርዶ በያላችሁበት ትሰማላችሁና፣ ስለ እርሳቸው እኔ ልጻፍ ብዬ ተነሥቻለሁ። ከሁላችሁ ይልቅ ስለምወዳቸው አይደለም። ከሁላችሁ ይልቅ የተሟገትኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው።

እኔን ለማታውቁኝ፣ የሺመቤት እባላለሁ። በደርግ ዘመን የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ተጠሪ ነበርኩ። ጋሽ ጌጡ ደግሞ በዚያው ቀበሌ የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ነበሩ። እንጀራቸው ልብስ ስፌት ነው። ሸንጎው የሚቀመጠው ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው በቀጥታ ይመጡና ሜትሩ ከአንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነገር መስማት ይጀምራሉ። አንድ ቀን «ኧረ ጋሽ ጌጡ፣ ሜትሩን ያውልቁት፤ ሸንጎ እኮ ነው» ብላቸው፣ «ተዪው ልጄ፣ ልኩን ሳላውቅ በሰው ላይ እንዳልፈርድ ነው» አሉና ሣቁ። ሣቃቸው ትከሻቸውን እንጂ ድምፃቸውን አይነካም ነበር።

የተወለዱት አንኮበር ነው። አባታቸው በድሮው ሥርዓት የታወቁ ተሟጋች ነበሩ። ጋሽ ጌጡ በልጅነታቸው ችሎት እየዋሉ፣ ባላጋራዎች ከዳኛ ፊት ቆመው «በማር ልወራረድህ! በበቅሎ ልወራረድህ!» ሲባባሉ እየሰሙ አደጉ። በዚያ ሥርዓት የሚወራረድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሕዝብ እየሰማው፣ የሚያሲዘውን ነገር በስሙ ጠርቶ ነው። ዋስ ካላገኘ አፉን ይዞ ይቀመጣል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መነሻው እዚያ ስለሆነ ነው።

ቁማር በዚያ ዘመን ክልክል ነበር። ክልክል ነበር ማለት ግን አልነበረም ማለት አይደለም። እሑድ እሑድ የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ከደነባ ወይም ከሰላ ድንጋይ ከመጡ ልጆች ጋር ሲጋጠም፣ ጨዋታው ሜዳው ላይ ነው፤ ውርርዱ ግን ከበሬሳ ወንዝ ወዲያ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ። ራዲዮ ይያዛል፣ ጫማ ይያዛል፣ ብርድ ልብስ ይያዛል፣ በርኖስ ይያዛል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ በርኖሱን የተበላ ሰው እንዴት እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ባለቤቴ ተፈራ ከነዚህ አንዱ ነበር። ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ልጆቹን የሚወድ፣ እሑድ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው የሚሆን። መጀመሪያ ራዲዮናችን ሄደች። ቀጥሎ የሰርጋችን ብርድ ልብስ ሄደ። ትምህርት ቤት ገብቼ ልጆች ሳስተምር ሐሳቤ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ምኑን አወጣው እያልኩ። የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ሆኜ ሌሎቹን እናቶች «ጠንከር በሉ» የምላቸው እኔ፣ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

የአብዮት ጥበቃዎች ጫካውን እየከበቡ ቁማርተኞቹን ያመጧቸዋል። ሸንጎው መንገድ ሥራ ይፈርድባቸዋል። የሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጫካ ውስጥ ናቸው። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ እሑድ ሁለት ሰዎች «የተያዘው በርኖሱ ነው»፣ «አይደለም፣ በጉ ነው» ተባብለው አንዱ የሌላውን ክንድ በጩቤ ወጋው። ነገሩ ለሸንጎ ሲቀርብ ምስክር ጠፋ። ሃያ ሰው አይቷል፤ አየሁ ያለ ግን እኔም ቁማርተኛ ነኝ ማለቱ ነው። የተወጋው ሰው ክንዱን ታቅፎ፣ አንድም ቃል የሚመሰክርለት አጥቶ ወጣ። ጋሽ ጌጡ ያን ቀን ፍርድ ሳይሰጡ ተነሡ። በር ላይ አግኝቻቸው «ምነው?» ብላቸው፣ «ሃያ ሰው ፊት የሆነ ነገር ምስክር አጣ። ጫካ የላክናቸው እኛ ነን» አሉኝ።

በሳምንቱ ሕዝብ ሰበሰቡ። ውርርድ ወደ አደባባይ ይውጣ አሉ! እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ደንቡን በራሳቸው እጅ ጽፈውት ነበር፤ አነበቡት። የሚወራረድ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር፣ ሜዳው ላይ፣ ሸንጎው ባለበት፣ ጮክ ብሎ ይወራረዳል። ዋስ ይጠራል። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈቅዳለች፤ ካልፈቀደች የለም። የቤት ዕቃ፣ የመኝታ ልብስ፣ ከብት፣ ዘር፣ የሥራ መሣሪያ አይያዝም። ለመያዣ የተፈቀደው አንድ ዶሮ ብቻ ነው። ሕዝቡ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ ከኋላ «በዶሮ? እኛ ልጆች ነን እንዴ?» አለ።

«ጣሪያው ዶሮ ነው» አሉ ጋሽ ጌጡ። «የቀበሌ ሱቅ ለስኳር ጣሪያ ካወጣ፣ እኔ ለሞኝነት ጣሪያ ባወጣ ምን አለበት?»

ሕዝቡ ሣቀ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተነሣሁ። «ጋሽ ጌጡ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ለቁማር ማኅተም ሊመቱለት ነው? ዛሬ ዶሮ ያሉት ነገ በሬ ይሆናል! ይህ ደንብ ሦስት ወር አይቆይም፣ በማር እወራረድዎታለሁ!» አልኩ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ነው። ቁማርን ልትቃወም የተነሣችው ተጠሪ፣ ሰው ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በማር ተወራረደች! እኛ የሸዋ ሰዎች ነገር ሲከርብን ከአፋችን የሚወጣው ያው ነው።

ጋሽ ጌጡ አልሣቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ጸሐፊው ዞሩና «ጻፍ» አሉ። «ማር ግን ከጣሪያው በላይ ነው። ልጄ፣ ዶሮ አድርጊውና ዋስ ጥሪ።»

እንግዲህ በዚያ ደንብ መጀመሪያ የተወራረድኩት እኔ ነኝ። ዋሴ አንዲት ጎረቤቴ ነበረች፤ በሣቅ ብዛት ስሟን መናገር አቅቷት ነበር።

ደንቡ ላይ ያልጠቀስኩት አንድ ነገር አለ፤ ዋናውም እርሱ ነው። ጋሽ ጌጡ «መተው የሚፈልግ ሰው ስሙን ያስጽፍ። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ቢለምነንም አናወራርደውም» ብለው አንድ ደብተር አዘጋጁ። ያን ደብተር ማን ይያዝ? ሸንጎው ቢይዘው ሰው አያምንም። ጋሽ ጌጡ ወደ አቶ ኡመር ሱቅ ሄዱ። አቶ ኡመር የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ጥጥና ጨው እየሸጡ ከኛ ጋር የኖሩ። እኔም ለሐሜት አብሬ ሄጄ ነበር፤ እንቢ ሲሏቸው ለማየት።

«ጋሽ ጌጡ፣ ቁማር በኛ ሐራም ነው» አሉ አቶ ኡመር። «ለሚጫወተው ሰው ወላሂ አንዲት ፊደል አልጽፍም።»

«ለሚጫወተው አይደለም። ለሚተወው ነው።»

አቶ ኡመር ሚዛናቸውን ወደ ጎን አደረጉና «ለሚተውማ እጽፋለሁ። ይሄ ኢባዳ ነው፤ እንደ ስግደት ይቆጠራል። አምጡት» አሉ። ደብተሩን ተቀብለው ከጨው ጆንያው ጀርባ አስቀመጡት። እዚያ ውስጥ የማን ስም እንዳለ ከእርሳቸውና ከጋሽ ጌጡ በቀር ያወቀ የለም።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ሜዳው ጫፍ ጠረጴዛ ወጥቷል፤ ጋሽ ጌጡ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ተፈራ የአባቱን በርኖስ ይዞ መጣ። «ጣሪያው ዶሮ ነው፣ ልጄ» አሉት። «እሺ ዶሮ» አለ። «ባለቤትህ ትፍቀድ።» እኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ስንት ዓመት ቤቴ ውስጥ ለግድግዳ የተናገርኩትን ቃል እዚያ ሜዳ ላይ ተናገርኩት። «አልፈቀድኩም!»

ተፈራ ፊቱ ጠቆረ። በርኖሱን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ በሬሳ ወረደ። ጫካው ውስጥ ጥቂት የቀሩ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ ወደ ሜዳው ስለወጣ የቀሩት አታላዮቹ ብቻ ናቸው። በርኖሱን በአንድ ሰዓት ውስጥ በሉት። በዚያው ሳምንት እኔ በንዴት ወረቀት አንሥቼ ለአውራጃው ደብዳቤ ጻፍኩ። «የቀበሌያችን ሸንጎ ሰብሳቢ ቁማርን በጽሑፍ ደንብ አጽድቀዋል፤ ይጠየቁልን» አልኩ። ስሜን አልጻፍኩበትም። ይህን ዛሬም ስናገር አፍራለሁ።

ተፈራ ግን ማንን ይክሰስ? ሄዶ ለጋሽ ጌጡ «ተታለልኩ» አላቸው። «ተደብቀህ የተወራረድከውን በአደባባይ አልዳኝልህም» አሉት። ከዚያ ቁጭ አድርገው ሜትሩን ከአንገታቸው አወጡና ትከሻውን ለኩት። ከደንበኞቻቸው ከተረፈ ወፍራም ጨርቅ፣ አንዱ እጅጌ ቡናማ፣ ሌላው ግራጫ የሆነ ኮት ሰፉለት። አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። «በዚህ ኮት ብትወራረድ ከሳሽህ እኔ ነኝ» አሉት። ተፈራ ያን ኮት ለብሶ ሲመጣ ልጆቼ ሣቁበት፤ እርሱም አብሮ ሣቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሣቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጥቂት እሑዶች አለፉ። አንድ ቀን ተፈራ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ የቡድኖቹ ነገር አስጎምጅቶታል። እኔም ያን ቀን ለዶሮ ልፈቅድለት ልቤ ራርቶ ነበር። አፌን ሳልከፍት ጋሽ ጌጡ ቀና ብለው አዩትና፣ በትሕትና፣ «ተፈራ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ሞልቷል» አሉት። ምንም የሚሞላ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የመጣውን ሰው አወራርደውታል። ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ቀስ ብሎ ግን እፎይ ያለ መስሎኝ ነበር። ያኔ ገባኝ። ባሌ ስሙን አስጽፏል። ሰው ፊት «አንተ ተከልክለሃል» ብለው እንዳያሳፍሩት ነው ሞልቷል ያሉት።

ጫካው በዚህ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነበር። ሰው ተወግቶ የመጣ የለም። ሰኞ ሰኞ የተሸነፈው ዶሮውን ያርዳል፤ አሸናፊው አብሮት ይበላል። እኔም አፌ ይያዝ እንጂ ልቤ አምኗል።

ደብዳቤዬ ግን እግሩ ቀርፋፋ ሆነ እንጂ መንገዱን አልሳተም። ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከአውራጃ አንድ ሹም መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የሚጠቅመው ሰው የለም። ሕዝብ ተሰበሰበ። ሹሙ ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ አነበበው። «የቡርዧ ርዝራዥ ነው ያስፋፋችሁት!» አለ። ጋሽ ጌጡ ተነሥተው ረጋ ብለው መለሱ። «መንግሥት ራሱ ሎተሪ ያዞራል። ለምን? ሰው መሞከሩን እንደማይተው ስለሚያውቅ፣ በሕግ ይሁን ብሎ ነው። እኛም ያደረግነው ያንኑ ነው፤ የኛ ዕጣ ከዶሮ አያልፍም እንጂ።»

ሹሙ ንግግራቸውን አቋረጠና «ደብተር አለ ተብሏል። የቁማርተኞች ስም ያለበት። አምጡት» አለ።

እዚያ ደብተር ውስጥ ያሉት ሰዎች ልተው ብለው የመጡ ናቸው፤ በሹሙ እጅ ሲገባ ግን ራሳቸውን ያጋለጡ ወንጀለኞች ይሆናሉ። የባሌ ስም አለበት። ያን ሹም የጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ደብተሩ የሸንጎ አይደለም፤ የሰዎቹ ነው» አሉ ጋሽ ጌጡ። «እኔ የምሰጥዎ ደንቡን ነው፤ እርሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሰር ካለብዎ የጻፈውን ይሰሩ።»

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «በንዴት ነው የጻፍኩት፤ ተሳስቻለሁ። ይህ ደንብ ሦስት ወር አይቆይም ብዬ ተወራርጄ ነበር። ቤቴን ያቆመልኝ እርሱ ነው። ተሸንፌያለሁ።» ሰው ሣቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አሰማ። ጋሽ ጌጡ ዘወር ብለው አዩኝ። ንዴት አላየሁባቸውም። ለአንድ ልብስ ልክ ሲወስዱ እንደሚያዩት አድርገው ነበር ያዩኝ።

ሹሙ ደንቡን ቀደደው። ጋሽ ጌጡን ከሰብሳቢነት አወረዳቸው፤ ደብተሩን እስኪያመጡ ብሎም አሰራቸው። ደብተሩ በዚያን ሰዓት በአቶ ኡመር አህያ ላይ፣ በጥጥ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ አሊዩ አምባ እየወረደ ነበር። ጋሽ ጌጡ ይህን ያውቃሉ፤ የሹሙ መምጣት ሲሰማ ሁለቱ ተማክረውበት ነበር። ሲጠየቁ «አላውቅም» ብለው አልዋሹም። «አልናገርም» ነው ያሉት። ሦስት ሳምንት ታሰሩ።

በመጀመሪያው እሑድ የውርርዴን ዶሮ ወጥ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ከፍተው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ሦስቱ ወር ሳይሞላ ደንቡ እኮ ተቀደደ። የረታሽው አንቺ ነሽ፤ ምን አስከፈለሽ?» አሉኝ። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። «እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን ነበር የምጽፈው» አሉና፣ የዶሮውን እግር ለጠባቂያቸው አውጥተው ሰጡት።

ሲፈቱ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። አቶ ኡመር ደብተሩን መልሰው አመጡ፤ ጋሽ ጌጡም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ገጽ ቀደው ሰጡት። «ከእንግዲህ ከልካይህ አንተ ነህ። ሲያቅትህ ወደኔ ና» ይሏቸው ነበር። ተፈራ ሲያቅተው ይሄዳል። ቁልፍ ያስተክላል፣ እጅጌ ያሳጥራል፤ ወሬ ያወራሉ። እሑድ እስኪያልፍ ድረስ የሚሰፋ ነገር አያልቅባቸውም። ስንት እሑድ እንዲህ እንዳለፈ አልቆጠርኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስፖርት ውርርድ ቤት በከተማችን ሲከፈት «ውሰጂኝ» አሉኝ። በምርኩዛቸው ገቡ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ልጅ «አባባ፣ የማንን ቡድን ነው?» አላቸው።

«ፈቃድ አላችሁ?»

ልጁ ግድግዳውን አሳያቸው። ተጠግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ጥሩ ነው። በአደባባይ መሆኑ ጥሩ ነው» አሉ። «ልተው ያለ ሰው የሚጻፍበት ደብተርስ?» ልጁ ሣቀ። እርሳቸው አልሣቁም። ስንወጣ «ፈቃዱን ሰቅለውታል፤ ከልካዩን ረስተውታል። መጻፍ አለብሽ» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩም ነበር። ይኸው ጻፍኩ። ፈቃድ የምትሰጡ ሁሉ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በአንድ ደብተር የሠራውን ሥራ እናንተ በዚያ ሁሉ መሣሪያ አታጡትም።

ጋሽ ጌጡ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። ቀብርዎ ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ ከተፈራ ጎን ቆሞ «እኔም ነበርኩበት» አለው፤ ሌላውም እንዲሁ። ስንት ቤት እንዳቆሙ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እርስዎ ግን አንድም ቀን ስማቸውን አልጠሩልኝም።

ከቀብር ስንመለስ ተፈራ መንገድ ላይ ቆመ። ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል፤ ያው እሑድ ሲመጣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። «የሺ፣ አሁን ማን ይከለክለኛል?» አለኝ። እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው።

«እኔ» አልኩት። «ሲያቅትህ ወደኔ ና።»

በዚህ በኩል አያስቡ፣ ጋሽ ጌጡ። በሰላም ይረፉ፤ እሑድን እኔ ይዤዋለሁ።